እናቴን የሚመስሉ ዕቃዎች

ቅቤ ለፎቶ የማይመች ነገር ነው። ብርሃን ሲያገኘው ለጥቂት ደቂቃ ያምራል፤ ካሜራውን እስካስተካክል ግን ጎኑ ይለሰልስና ዘመም ይላል። ስለዚህ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ቅቤ በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎች ፎቶ ሲያሠሩኝ የማነሣላቸው ቅቤውን ሳይሆን የልብስ ሳሙና ነው። ቢጫውን ሳሙና ፈቅፍቄ በሙቅ ውሃ አለሰልሰውና በእጄ አድቦለቡለዋለሁ፤ በማንኪያ ጀርባ ጫር ጫር አድርጌ ሰፊ ቅጠል ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ቢቆይ ንቅንቅ አይልም።

ማርም እንዲሁ ነው። እውነተኛው ማር ፎቶ ላይ ጭቃ ይመስላል፤ ስኳር ከሻይ ቅጠል ጋር አፍልቼ ባንቆረቁረው ግን የሚያየው ሁሉ ምራቁን ይውጣል። የእብነ በረድ ጠረጴዛዬ ካርቶን ላይ የለጠፍኩት የጠረጴዛ ፕላስቲክ ነው። ዘመን የጠገበ የሚመስለው ጣውላዬ የፈረሰ ሽንት ቤት በር ነው፤ አመድና ኮላ ቀብቼ አስረጅቼዋለሁ። ብርሃኑን እንዲያለዝብልኝ መስኮቱ ላይ የወጠርኩት ደግሞ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመኩራራት አይደለም። ሙያዬ ምን እንደሆነ ካልታወቀ በእህቴ ላይ ያደረግኩት ነገር አይገባም።

ፎቶ ቤቱን የከፈትኩት ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ የሰው ኮት ተውሶ ፎቶ ለመነሣት በሚመጣበት ጊዜ ነበር። አሁን ሁሉም ኪሱ ውስጥ ካሜራ አለው። ለእኔ የቀረኝ የመታወቂያ ፎቶና ዕቃ ነው። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ሽቶና አባያ ያመጡልኛል፤ ነጋዴው ማርና ቅቤ ያመጣል፤ ከአቀስታ የመጣው ደግሞ የበግ ፀጉር ምንጣፉን ተሸክሞ ይገባና በሩ ላይ ያራግፈዋል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ዕቃ ወደ ብርሃን ሳዞር እውላለሁ። ወገቤ አልቋል፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ዕቃ ከሰው ይሻላል፣ ቢያንስ ሲያነሡት ዓይኑን አይጨፍንም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እናቴ ፊቷን ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ፎቶ አንሺ ልጅ ወልዳ አንድ ፎቶ እንኳ የላትም እያሉ ጎረቤቶች ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች እንጂ አትሸነፍም። ብቸኛዋ እህቴ ዐረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ አስቸገረን። የእናቴ ጆሮ ደክሞ ስለነበር ስልክ ላይ የሚነገራትን አትሰማም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስናደርግላት ውስጡ ንብ አለ ብላ ትመልስልናለች። እህቴ ደግሞ በየሳምንቱ የእማን ፎቶ ላክልኝ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። አንድ ዐርብ ካሜራዬን ይዤ ብገባ እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነችብኝ።

«እኔን ተወኝ» አለች። «የያዝኩትን አንሣና ላክላት። እሷ ታውቀኛለች።»

በሰፌድ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አነሣሁት፤ ግማሹ ተለቅሟል፣ ግማሹ ገና ነው፣ ጠጠሩ ጥግ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። እህቴ በድምፅ መልእክት እየሳቀችም እያለቀሰችም መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ለአምስት ዓመት ያህል፣ ኔትወርክ ካልጠፋ በቀር፣ በየዐርቡ እናቴ ከእጇ ያስቀመጠችውን ነገር እያነሣሁ ላክኩላት። አንድ ሳምንት ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው የቆርቆሮ ኩባያዋ ነው፤ ሌላ ሳምንት በር ላይ ያወለቀችው ኮንጎ ጫማዋ። እህቴ ከዚያ ላይ እኔ የማላየውን ታነብ ነበር። ኩባያው ውስጥ ሻይ ከተረፈ አሟታል ወይ ትለኛለች፤ ጫማው ጭቃ ከያዘ በዚህ ዝናብ የት ሄዳ ነው ትላለች። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። እኔ አጠገቧ እየኖርኩ እናቴን የምታውቃት እሷ ትመስል ነበር።

እናቴ ባለፈው ክረምት ሞተች። ሦስት ቀን ታማ በአራተኛው ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አረፈች። መንገዱ ጭቃ ስለነበር በወግዲ በኩል ያሉት ዘመዶቻችን ለቀብር አልደረሱም። ወደ መቃብሩ ወርጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወጥቼ እጄን ታጠብኩ፤ ሰው እየመጣ አብሽር አለኝ፣ እኔም አሚን እያልኩ ተቀበልኩ። አላለቀስኩም። ጊዜ ሳገኝ አለቅሳለሁ ያልኩ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ቀን አጎቴና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ስለ እህቴ ሊመካከሩ ተቀመጡ። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚረዳውን ሰው ከጀርባው የሚደግፍ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው። እህቴ ግን ሰው ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ ነው፤ ውሏ የሚያልቀው ከዐረፋ በኋላ ነው። አጎቴ፣ ብትነግሯት ከማልቀስ በቀር ምን ታደርጋለች፣ ቀብሩ አልፏል፣ እዚያ ማን ይይዛታል አለ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አገሯ እስክትገባ ድረስ ምንም አትስማ ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ፎቶውን እንዳታቋርጥ» አለኝ።

እሺ አልኩት። እንቢ ለማለት ጉልበት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ለሦስት ቀን እንቅልፍ አላየሁም ነበር። አሥር ወር ገደማ እንደሚሆን ያሰላሁት ሽማግሌዎቹ ተበትነው ከሄዱ በኋላ ነው።

ችግሩ የዕቃዎቹ አለመኖር ነበር። የሟች ልብስና መገልገያ ለሰደቃ ይሰጣል፤ አክስቶቼ በዚያው ሳምንት ሁሉንም አከፋፍለው ጨርሰዋል። ኩባያውን አንዲት አሮጊት ወሰዱት፣ ጫማውን ሌላ ድሃ፣ የምትሰግድበትን የበግ አጎዛ ደግሞ መስጊዱ በር ላይ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት። ለአላህ የተሰጠን ነገር ሄዶ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ሳሙናውን ቅቤ እንደማደርገው፣ የእናቴንም ዕቃዎች ራሴ ልሠራቸው ተነሣሁ።

ከኩባያው ጀመርኩ። ያንኑ ዓይነት አዲስ ኩባያ ገዝቼ ጆሮው ሥር ቀለሙን በምስማር ላጥኩት። የእናቴ ኩባያ የተላጠው ከዓመታት በፊት ስለነበር ዝጎ ነበር፤ የእኔው ግን ያብለጨልጫል። ጨው በውሃ በጥብጬ ጨርቅ ነከርኩና የላጥኩት ቦታ ላይ አስሬ አሳደርኩት። በአራተኛው ቀን ዛገ። ሻይ ቀድቼበት እስከ ግማሽ ጠጣሁና አነሣሁት። ከዚያ ግማሽ ሻይ አሟታል እንደሚያሰኝ ትዝ አለኝና የቀረውንም ጨልጬ እንደገና አነሣሁት። እህቴ፣ ዛሬ ሻይዋን ጨርሳለች፣ ሐምዱሊላህ ብላ ላከችልኝ።

ጫማው የበለጠ አድካሚ ነበር። እናቴ በግራ እግሯ ትንሽ ታነክስ ስለነበር የግራ ጫማዋ ተረከዝ በውጭ በኩል ያልቅ ነበር። አዲስ ኮንጎ ገዝቼ ጓሮ ባለው ድንጋይ ላይ ተረከዙን ስፈገፍግ ሁለት ቀን ዋልኩ። አንዲት ጎረቤታችን በአጥር አይታኝ ምን እያደረግህ ነው አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ከዚያ የተለየ ስም ያለው አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ወር ግን እህቴ ራሷ ጠየቀችኝ። የምትሰግድበትን አጎዛ ካየሁ ብዙ ዐርብ ሆኖኛል፣ እሱን ላክልኝ፣ ዱዓ የምታደርግልኝ እዚያ ላይ ነው አለችኝ። ተቀደደ ልበላት አልኩ፤ ታጥቦ አልደረቀም ልበላት አልኩ። ሁሉም ውሸት ሌላ ውሸት የሚጠይቅ ሆነብኝና መሥራቱ ይቀለኛል ብዬ ወሰንኩ።

ከሥጋ ቤት ነጭ የበግ ቆዳ ከነፀጉሩ ገዛሁ። ጨው ነስንሼ ወጥሬ አደረቅኩት፤ ውስጡን በድንጋይ ፋቅሁት፤ ፀጉሩን ደጋግሜ ሻይ አጠጥቼ አጠየምኩት። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነበር። እናቴ በዚያ አጎዛ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሰገደች፣ ግንባሯ የሚያርፍበት፣ መዳፎቿ የሚያርፉበትና ጉልበቶቿ የሚያርፉበት ቦታ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ወጥቶ ነበር። በምላጭ ልላጨው እችላለሁ፤ ግን ከግንባሯ እስከ ጉልበቷ ምን ያህል ነው? አላውቅም። እናቴን በዓመት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ ስትሰግድ እያየሁ በአጠገቧ አልፌያለሁ፤ ልኳን ግን አላውቅም።

መጨረሻ ላይ የፎቶ ቤቱን በር ዘግቼ ቆዳው ላይ ተንበረከክሁና ግንባሬን ደፋሁ። ከሶላት ከራቅኩ ብዙ ዘመኔ ነው። እናቴ በሕይወት እያለች ጁምዓ ሰገድክ ወይ እንዳትለኝ፣ ዐርብ ዐርብ ካሜራዬን ይዤ ከች የምለው ከጁምዓ በፊት ነበር። ግንባሬ ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፤ እናቴ ከእኔ አጭር ስለነበረች አንድ ስንዝር ቀነስኩ። ከዚያ ተነሥቼ መላጨት ጀመርኩ። የደፋሁት ለልኬት እንጂ ለሌላ አልነበረም።

ዐርብ ጠዋት እናቴ ክፍል ወስጄ አነጠፍኩት። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት በምሥራቅ በኩል ነው። ልማዴ እንደሆነው ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፤ የግንባሩን ጫፍ ወደ መስኮቱ፣ የጉልበቱን ወደ እኔ። ብርሃኑ በላዩ ላይ ተንሸራቶ እያንዳንዱን መላጣ ቦታ አወጣልኝ። አንድ ሰው አሁን ሰግዶ የተነሣ ይመስል ነበር። በሕይወቴ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን ኮርቼ ነበር።

እህቴ ቶሎ አልመለሰችም። ከዐስር ሶላት በኋላ አጭር ጽሑፍ ላከች፦ ሐምዱሊላህ፣ ደግ አድርገሃል። በድምፅ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዋ ቆመ። ሻዩ ለምን ተረፈ የለ፣ ጭቃው ከየት መጣ የለ፤ ደርሶኛል፣ የሚቀጥለውንም ላክልኝ ብቻ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ተገላግዬ ነበር፤ የምትጠይቀኝ ነገር በቀነሰ ቁጥር የምዋሸው ይቀንስልኝ ነበር።

ዐርብ ግን አልቀነሰም። ምርኩዟን ሠራሁ፤ መያዣውን ቅቤ እየቀባሁ በእጄ አለሰለስኩት። ምስር ገዝቼ ጠጠር ራሴ እየጨመርኩበት ራሴ ለቀምኩት። የነጋዴውን ማር ሳነሣ ስለ ዐርብ አስባለሁ፤ ዐርብ ሲያልፍ ስለሚቀጥለው ዐርብ። አጎቴ በየገበያው ቀን ብቅ ይልና ልከሃል ወይ ይለኛል፤ ልኬያለሁ ስለው መርቆኝ ይሄዳል። አንድ ቀን እርስዎ ለምን ምስር አይለቅሙም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በሁሉም ላይ ተናድጄ ነበር። በሽማግሌዎቹ ተናደድኩ፣ ፎቶ አልነሣም ባለችው እናቴ ተናደድኩ፣ አንድ ሳምንት ኔትወርክ ጠፍቶ ባልልክ የዚህ ሳምንቱ አልደረሰኝም ብላ በጻፈችው እህቴ ተናደድኩ። ሰው እናቱ ስትሞት ያርፋል፣ ይቀመጣል፣ ሰው እየመጣ ያጽናናዋል። እኔ እናቴን በሥራ ላይ አቆይቻት ነበር።

ዐረፋ አልፎ እህቴ መምጫዋ ደረሰ። አጎቴ ሁሉን ነገር አሰናዳ። ከደሴ ስትነሣ አቀስታ ያለችው አክስታችን ትቀበላታለች፣ እዚያ ታድራለች፣ በማግስቱ በማለዳ ሽማግሌዎች ሄደው ይረዷታል፣ ከዚያ እየደገፉ ወደ ቤት ያመጧታል። ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተሰብስበው ማን ይናገር እየተባባሉ ሳለ፣ የግቢው በር ተከፈተና እህቴ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። አቀስታ ላይ ሚኒባስ ቀይራ በቀጥታ መጥታለች። አክስታችን እዚያ አሁንም መናኸሪያ ቆማ ትጠብቃታለች።

ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጉልበታቸውን እየሳመች አሰላመቻቸው። ስለ እናቷ አልጠየቀችም። ከስድስት ዓመት በኋላ ቤቷ የገባች ሴት እናቴ የት አለች አለማለቷን ሁሉም አየ፤ ማንም ግን ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ የደፈረ አልነበረም። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እህቴ፣ አንቱ ይቆዩኝ፣ መጀመሪያ ወንድሜን ላናግረው አለችውና እጄን ይዛ እናቴ ክፍል አስገባችኝ። በሩን ዘጋችው።

«መቼ ነው?» አለችኝ።

በክረምት አልኳት። ሦስት ቀን ታማ፣ ከሱብሒ በኋላ። ስቃይ እንዳልነበረባት ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። አጎዛው የደረሳት ቀን እንዳወቀች ነገረችኝና ጣቷን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ቀሰረች። ቂብላው፣ ሲሰገድ ፊት የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ እዚያ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ እናቴ በዚህ ክፍል ውስጥ ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ ሰጥታ ነው የሰገደችው። እኔ አጎዛውን በመስኮቱ አቅጣጫ አንጥፌዋለሁ። ላክልኝ ካለችበት ቀን ጀምሮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አላየሁትም ነበር፤ ያየሁት ብርሃኑን ብቻ ነው። እህቴ፣ እማ በሕይወት ብትኖር አጎዛዋን ወደ መስኮት ሲያዞሩት ዝም ብላ አታይም አለችኝ። ያን ሳምንት የአሠሪዎቿን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ባዶውን እያስነሣች፣ ድምፁ ሸፍኖላት እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ዓይኗ ለምን እንደቀላ ሲጠይቋት የሳሙናው ዱቄት ነው ብላለች። ካወቀችበት ቀን ጀምራ አርባውን ቀን ብቻዋን ቆጥራ አውጥታለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ መላክ ታቆም ነበር» አለች። «ሌላ ማን ይልክልኛል?»

ስለ ሥራዬ አወራሁላት። ዝገቱን እንዴት በጨው እንዳመጣሁት፣ ተረከዙን ስንት ቀን እንደፈገፈግኩት፣ ሻዩን ሁለት ጊዜ እንዳነሣሁት፣ ምስሩን ጠጠር እየጨመርኩ እንደለቀምኩት። ማቆም አቃተኝ። አንዱን ስጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ድምፄም እየፈጠነ ሄደ። እህቴ አላቋረጠችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ትከሻዬን ይዛ መሬት አስቀመጠችኝ፤ ራሷም አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንድ እጇን ከጀርባዬ አሳለፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ» አለችኝ፣ «እናታችን ሞታለች።»

በእጄ ነው የቀበርኳት። ለአሥር ወር ከዚያ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም። ግን እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከሆዴ የወጣው ጩኸት የእኔ አልመሰለኝም፤ መሬቱን በመዳፌ ስመታ፣ እማዬን ስጠራ ይሰማኛል።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ለቅሶውን ሲሰሙ መርዶው ተነገራት ብለው ተነሡ። አጎቴ በሩን ከፍቶ፣ አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ እያለ ገባ። እህቴ ዓይኗ ደርቆ እኔን ደግፋኝ ተቀምጣ ነበር።